ዓሦቹን አየር ያጠራቸው ዕለት

እኔ ዓሣን የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ከጎኑ ዳጣ ተቀምጦለት። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም፤ እንዲኖረንም ፈልጌ አላውቅም። ታዲያ በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ ጡረታ ወጥቼ እግሬን ዘርግቼ ልቀመጥ ባልኩበት ጊዜ፣ እንዴት የስምንት ዓሦች ሞግዚት ሆኜ ተገኘሁ? ይህን ጥያቄ ጠዋት ጠዋት ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ ያው አንድ ነው፤ ረድኤት።

ረድኤት አንድ ልጄ ናት። አዳማ ትሠራ በነበረበት ጊዜ አኳሪየም ገዝታ መጣችና ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠችው። ደስ ብሎን አየነው። ቀጥሎ ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ፣ አበባ እርሻ ውስጥ የተሻለ ሥራ አገኘችና ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ዓሦቹን ግን አልያዘችም። በሩ ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ አደራህን። ምግብ በቀን አንዴ፣ ቁንጥር ብቻ። ሞተሯን እንዳታጠፋ። ከላይ አትክደነው» አለችኝ። ሦስት ነገር ነው ያለችኝ። ሦስቱንም አበላሸሁት።

ምክንያት የለህም እንዳትሉኝ፣ አለኝ። ክዳኑን የከደንኩት በጎረቤት ድመት የተነሳ ነው። ድመቷ በመስኮት ገብታ አኳሪየሙ ፊት ቁጭ ብላ፣ እኔ ዝዋይ ዳር ሜኑ ሳነብ በማሳየው ፊት ታያቸው ነበር። ስለዚህ የባለቤቴን የአስካለን ትልቁን ትሪ አምጥቼ ግጥም አድርጌ ከደንኩት። ሞተሯ ደግሞ፣ ያቺ በቀጭን ጎማ ወደ ውሃው አየር የምትነፋው፣ ጥርስ ሐኪም ቤት የተቀመጥኩ ነው የምታስመስለኝ። ዜና ሲጀምር አጠፋታለሁ። ዜናው ሲያልቅ እረሳታለሁ። አረፋው ለጌጥ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ እንደ ገና ዛፍ መብራት ነገር።

ምግቡን በተመለከተ ግን ጥፋተኛዋ ፍቅር ናት። ጠዋት ስነሳ ስምንቱም ዓሦች ከውሃው አናት ላይ ተሰብስበው፣ አፋቸውን ወደ ላይ ከፈት ዘጋ ከፈት ዘጋ እያደረጉ ይጠብቁኛል። «አስካለ፣ ነይ እይ! ናፍቄያቸው ነው!» እላለሁ። በቤቱ ውስጥ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀኝ ሌላ ፍጡር ስለሌለ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ አበላቸዋለሁ። እንደገና አፋቸውን ይከፍታሉ። እንደገና አበላቸዋለሁ። ዳቦ ፈርፍሬ ሁሉ ሰጥቻቸዋለሁ። ማታም ይመጣሉ፣ ማታም እሰጣለሁ። እነሱ ለካ አየር ጠፍቶባቸው ነው «ኧረ የሰው ያለህ» የሚሉት።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገራችሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ እያለን፣ በግንቦት፣ ረድኤት ደወለች።

«አባዬ፣ እሁድ ሰዎች ይመጣሉ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

«ሰዎች ናቸው በቃ። ለእማዬ ስጣት።»

ለእማዬ ሰጠኋት። እማዬ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ታውቃለች። የልጁን ስም ታውቃለች፤ ገመዳ ይባላል። ሥራውን ታውቃለች፤ እዚያው ባቱ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። የጫማ ቁጥሩን ሳታውቅ አትቀርም። እሁድ የሚመጡት ሰዎች የገመዳ ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ብቻ ነኝ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ወሬ የምሰማው።

ልጁን ጠልቼው አይደለም። እንዴት ልጥላው፣ አላውቀውም። ግን ረድኤት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ትሪውን አንስቼ ሞተሯን አብርቼ እጠብቃታለሁ። ሻንጣዋን ወርወር አድርጋ ዓሦቹን ትቆጥራለች፣ ከዚያ እኔን ትስማለች። ባቱ ባል ካገባች ቅዳሜዋ የባሏ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአስካለም። ለራሴም ቢሆን ጮክ ብዬ አልነገርኩትም። የወሰንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ከቀጠሮው በኋላ ሌላ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ቀጠሮ መስጠት አያቅተውም።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ለዚሁ ጉዳይ ከአቦምሳ መጣ። ጋሼ ሦስት ሴት ልጆች ድሯል፤ ሽማግሌ በማስተናገድ ራሱን እንደ ሕግ አዋቂ ይቆጥራል። ቅዳሜ ማታ አስቀምጦ አስጠናኝ።

«ከመቀመጫህ አትነሳም።»

«አልነሳም።»

«አትስቅም። ጥርስህ ከታየ አለቀልህ። እነሱ ይቆማሉ፤ ጉዳያቸው ሳይፈጸም አይቀመጡም። አንተ ዝም ብለህ ትሰማለህ። ሲጨርሱ፣ ‹መክረን መልስ እንሰጣለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ› ትላለህ። ሌላ ቃል ከአፍህ አይወጣም። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

ቀላል ነበር። ቁጭ በል፣ አትሳቅ፣ ዝም በል። አኳሪየሙ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ይሳካልኝ ነበር።

ግን በዚያው ቅዳሜ ቀን ሌላ ስሕተት ሠርቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጥተው ባዶ ባዶ የሚል ሳጥን እንዳያዩ ብዬ አራት ዓሦች ገዝቼ ጨመርኩ። አሥራ ሁለት ሆኑ። እሁድ ጠዋት ደግሞ በእንግዳ ፊት እንዳይቅበጠበጡ ብዬ ደህና አድርጌ መገብኳቸው። አስካለ ትሪውን ወልውላ ከላይ ከደነችበትና የአበባ ማስቀመጫ ጫነችበት። አምሮ ነበር፣ አይካድም።

ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለአራት ሰዓት ነው። ስድስት ተኩል ላይ መጡ። የአዳማን የግንቦት ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ጭንቅላቱን ወደ ዳቦ ምድጃ አስገብቶ ይሞክረው። እኔ በሱፍ ኮት ታንቄ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቄያለሁ። ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያመላልሳል። የግቢው በር ሲንኳኳ ጋሼ ታደሰ ብድግ ብሎ ጆሮውን ቀሰረ።

«ይሄ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ምንድነው?»

«የዓሦቹ ሞተር ነው ጋሼ። አየር...»

«ዛሬ የሚዳረው ዓሣ አይደለም። አጥፋው! ንግግር ሊሰማ ነው።»

አጠፋሁት። ማብራሪያ መስጠት ደከመኝ፤ ደግሞም ጌጥ አይደለች?

ሦስት ሰዎች ገቡ። ፊት የቀደሙት አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ነጭ ኩታ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ገና ሲገቡ ጉሮሯቸውን የጠራረጉ ተናጋሪ። ቀጥለው የልጁ አጎት ኦቦ ቱፋ፤ የአዳሚ ቱሉ ሰው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ እጃቸው እንደ መቅዘፊያ የሰፋ። ሦስተኛው አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ያዘ።

«አካም ጅርቱ! ነጋ?» አሉ ኦቦ ቱፋ፤ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። ልመልስላቸው ፈገግ ልል ስል ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። ፊቴን ቋጠርኩ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ጋሼ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሴ። ሦስቱም ቆሙ። ፊተኞቹ ሁለቱ የት ቆሙ? ልክ አኳሪየሙ ፊት።

አቶ ደምሴ ንግግራቸውን ከሩቅ ጀመሩ። ከልጁ ቅድመ አያት ጀመሩ። ቅድመ አያቱ በበቅሎ ከየት ተነስተው የት እንደሰፈሩ፣ በቅሎዋ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበራት ሁሉ ነገሩን። እኔ እንደታዘዝኩት ዝም ብዬ አያለሁ። በአቶ ደምሴ ክርንና በኦቦ ቱፋ ጋቢ መካከል ትንሽ ክፍተት ነበረች፤ በእሷ በኩል የዓሦቹ ሳጥን ይታየኛል። አንድ ዓሣ ወደ ላይ ወጣ። ሁለተኛው ተከተለ። በቅሎዋ አዋሽን ስትሻገር አሥራ ሁለቱም አናት ላይ ነበሩ። አፋቸው ከፈት ዘጋ ከፈት ዘጋ። «አሁንስ አበዙት፣ ጠዋት አብልቻችኋለሁ እኮ» አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ረድኤት ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ትልቁ ብርቱካናማ ዓሣ ወደ ጎኑ ዘንበል አለ። ተስተካከለ። እንደገና ዘንበል አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

አቶ ደምሴ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ጋሼ ታደሰ የተሰበረ ሳል ሳለ።

«ቅር ያሰኘንዎት ነገር አለ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«የለም የለም፤ ይቀጥሉ።» ተቀመጥኩ።

አቶ ደምሴ ግን የተቋረጠ ንግግር ካቆመበት መቀጠል አያውቁም። ወደ ቅድመ አያቱ ተመለሱ። በቅሎዋ እንደገና ተጫነች። ብርቱካናማው በጎኑ ተኛ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ዘልዬ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ደረስኩና ቀጭ አደረግኩት። ሞተሯ ጭጭ። ደግሜ ሞከርኩ። ቀና ስል ቬንትሌተሩም ቆሟል። መብራት ሄዷል። ትሪውን ከነአበባ ማስቀመጫው አንስቼ ወለሉ ላይ አኖርኩ፤ ለእንግዶች ከተዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ አነሳሁና ከሳጥኑ ውሃ እየቀዳሁ መልሼ እዚያው ማፍሰስ ጀመርኩ። ቢያንስ ውሃው ይነቃነቅ ብዬ ነው። ለሽማግሌዎቹ ግን የታያቸው ሌላ ነው። የልጅቷ አባት፣ በንግግር መሐል፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው በውሃ ይጫወታል።

«ወንድሜ ትንሽ... ሙቀቱ ነው» አለ ጋሼ ታደሰ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎም፣ «ታዋርደኛለህ? ተቀመጥ!» አለኝ።

«ብቀመጥ ይሞታሉ ጋሼ።»

«ይሙቱዋ!»

አቶ ደምሴ ኩታቸውን አስተካከሉ። «ገብቶናል። አባት ጀርባውን ከሰጠ ሌላ ቃል አያስፈልግም። እንሂድ።» ከዘራቸውን አነሱ። ከጓዳ በር በስተጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ፤ ረድኤት እዚያ ነበረች። ዞሬ «ኧረ ተመለሱ» እንዳልል እጄ ያዘኝ፤ ብርጭቆው ከቆመ ዓሣው ያልቅለታል። እግዜር ያሳያችሁ፣ በአንድ እጄ የልጄን ዓሣ ይዤ በሌላው ትዳሯን ላፈርስ ነው።

«ማሎ! ኧረ እባካችሁ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ኦቦ ቱፋ ናቸው። እኔን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ወደ ሳጥኑ ገቡ ማለት ይቻላል። «የምን መሄድ! ቁርጡሚው፣ ዓሣው እየሞተ ነው፣ አታዩም? ሰውየው ነፍስ እያዳነ ነው!» ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። «ይሄ ውሃ ነው ሾርባ? ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

«በዚህች? ምን በሉ?»

ዳቦውን ጨምሬ ተናዘዝኩ። ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የተረፈው ምግብ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አየሩን ይበላዋል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ አየር አይዝም። ከላይ ከደንከው። የሚነፋውን አጠፋህ። እና ምን ይተንፍሱ?»

ያን ጊዜ ጥግ የቆመው ሦስተኛው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ቲቸር፣ ይሄን እኮ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ውሃ ሲሞቅ የሚሟሟው ጋዝ ይቀንሳል ብለው። ማታ ክፍል።» ትንሽ አፈረና፣ «ፈተና ላይ ተሳስቼው ነበር» ብሎ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሥራ ያዘ። ኦቦ ቱፋ ጋቢያቸውን ሶፋው ላይ ጥለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ከቧንቧ አሁን የተቀዳ አይሆንም፤ ያደረ ውሃ አለ?» አስካለ ጓሮ ጥላ ሥር ያደረ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ነበራት፤ ተማሪዬ ሮጦ አመጣው። ከሳጥኑ ሲሶ ያህሉን ውሃ ቀድተን ደፋን፤ ያደረውን ቀስ እያልን ጨመርን። ለእኔ አንድ ጆግ ተሰጠኝ። አቶ ደምሴም ቆመው ማየቱ ስላልሆነላቸው ሌላ ጆግ አነሱ፤ ንግግራቸውን ግን አልተዉም። በአንድ እጅ እያፈሰሱ ወደ ልጁ አያት ተሻገሩ።

«ከፍ፣ ከፍ አድርገህ አፍስስ!» ይሉኛል ኦቦ ቱፋ በግራ ጆሮዬ። «ሲወድቅ ነው አየር የሚይዘው!»

«እሺ።»

«...የልጁም አባት በሥራቸው የተመሰገኑ...» ይላሉ አቶ ደምሴ በቀኝ ጆሮዬ።

«አትቸኩል! ቀስ!»

«እሺ!»

«...እናም ልጅዎን ረድኤትን ለልጃችን ለገመዳ እንዲሰጡን...»

«ዓሣው ላይ አይደለም፣ ከጎን! ከጎን አድርገው!»

«እሺ! እሺ አልኩ እኮ!»

ውሃው ብቻ ተንቿቿ። ቀጥሎ ከጓዳ በኩል አስካለ እልልታዋን ለቀቀችው። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ረጅም እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ታደሰ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት አልኩህ እኮ!»

ማስተካከል እችል ነበር። «እሺ ያልኩት ለዓሣው ነው» ማለት እችል ነበር፤ ያሳፍር ነበር እንጂ ውሸት አልነበረም። ጆጉን እንደያዝኩ ዞርኩ። ረድኤት ጓዳው በር ላይ ቆማለች። መዳፏን አፏ ላይ ጭናለች። የሚገርመው ዓሦቹን አላየቻቸውም፤ የምትወደው ዓሣዋ በጎኑ ተኝቶ ሳለ የምታየው እኔን ነው። እንደዚያ ስታየኝ የመጨረሻ ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ልታሳየኝ ስትመጣ ነበር።

«እሺ ብያለሁ» አልኩ። ይሄኛውን እያወቅኩ ነው ያልኩት።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተቀመጡ። ሁሉም እስከ ክርናቸው ርሰዋል፤ የአቶ ደምሴ ኩታ ጫፍ ይንጠባጠባል። መብራት ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፤ ሞተሯ እንደገና መጮህ ስትጀምር ጋሼ ታደሰ ቀና ብሎ አያትና እንጀራውን ጠቀለለ። ብርቱካናማው ተስተካክሎ መዋኘት ጀመረ። ቅዳሜ ከገዛኋቸው ከአራቱ አንዱ ብቻ ሞተ፤ ምስኪን፣ ቤታችንን በቅጡ እንኳ አላየም። ኦቦ ቱፋ ሊሄዱ ሲሉ ሳጥኑን በጣታቸው አንኳኩ። «ለዚህች አምስት ይበቃል። የቀሩትን ከልጅቷ ጋር ስደዷቸው» አሉ።

ሠርጉ ከክረምት በኋላ ተደረገ። ሙሽራዋ ሄደች፤ ለእሷ የተመደቡት ስድስቱ ዓሦች ግን «ቤት እስክናደራጅ» ተብሎ እኔ ጋ ቆዩ። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ መንገድ መንገዱን ሳይ፣ አስካለ ሳሎኑ መሐል ቆማ አየችኝና፣ «ከመስኮቱ ሥር ተነስና ዓሦቹን ውሰድላት እንጂ፤ በሰበቡ ታያታለህ» አለችኝ። ስለዚህ ስድስቱን በሰፊ ባልዲ፣ ውሃውን ግማሽ ብቻ አድርጌ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ክዳን የለውም። በእጄ ኩባያ ይዣለሁ። እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ፣ ከጎን አፈሳለሁ።

ሞጆ ሳንደርስ ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

«ፋዘር፣ ምንድነው እሱ?»

«ዓሣ።»

«ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«ባቱ።»

ሹፌሩ መኪናውን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። «ዓሣ ጭነው ወደ ዝዋይ!» ብሎ ጮኸ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ «ከእዛ ሲመለሱ ደግሞ ለአዳማ ሙቀት ይዘው ይምጡ!» አለ። እኔ ውሃዬን ማፍሰሴን ቀጠልኩ። ዓለም ጤና ከተማ ላይ አንዲት ሴት ሽንኩርቷን አስጭና ከጎኔ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ክንድዎ ዛለ እኮ። ያምጡ እስቲ» አለችና ኩባያውን ከእጄ ወሰደች። እስከ መቂ እሷ አፈሰሰች። ለምን እንደሚፈስ አልጠየቀችኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ለልጅ ብለው ነው አይደል?» አለች፤ ወደ ውሃው ዝቅ ብላ እያየች። እየሳቀች ይሁን እያዘነች አላወቅኩም።

ባቱ ስደርስ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሶ ነበር። ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚገምት ስለማውቅ ባልዲውን ከፊቴ አድርጌ፣ እንደ ዳክዬ እየሄድኩ፣ በጠየቅኳቸው ሰዎች ምሪት የልጄን በር አንኳኳሁ። ረድኤት ከፈተች። ባልዲውን አየች፣ ሱሪዬን አየች፣ ፊቴን አየች። አልሳቀችም። ባልዲውን ከእጄ ተቀበለችና ሳትቆጥራቸው ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ እጇ እርጥብ ነው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ወጥ እየሠራች ነበር።

«ሁሉም ደህና ናቸው፤ ስድስት» አልኩና ኩባያዬን ይዤ ወደ ባልዲው ጎንበስ ልል ስል ክንዴን ያዘችኝ። ወንበር ሳበች። መስኮቱን ከፈተችው፤ የሐይቁ ነፋስ ገባ።

«ተወው፣ እኔ አፈሳለሁ» አለች። «አባዬ፣ አንተ ቁጭ በልና ትንሽ ተንፍስ።»

ቁጭ አልኩ።